ካልነኩት የማይነሳው ሰው

ከድር ስልክ ሲደውል ሰላምታው ረጅም ነው። ልጆቹን፣ ሱቁን፣ የሱሉልታን ብርድ ሳያወራ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ባለፈው ሳምንት ግን ደውሎ ገና "ሃሎ" ሳልለው፣ "ጽጌ፣ ቁጭ ብለሻል?" አለኝ። አልተቀመጥኩም ነበር፤ ቡራዩ ገበያ መሀል ቆሜ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር።

"ቬንካት ሞተ" አለኝ።

ከድርና እኔ ሰበታ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለዓመታት አብረን ሠርተናል። እሱ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ። ቬንካት ደግሞ ከደቡብ ህንድ የመጣ የሽመና ክፍሉ አለቃ ነበር።

"በምን ሞተ?" አልኩት።

"ልቡ ነው ይላሉ። ግን ጽጌ፣ ሲሰግድ ነው የሞተው።"

ነገሩን ቀስ እያለ ነገረኝ። ቬንካት ጡረታ ወጥቶ አገሩ ከገባ ቆይቷል። በየማለዳው ታጥቦ፣ በቤቱ ካለችው ትንሽ የጸሎት ክፍል ገብቶ፣ እንደ ልማዱ በሆዱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሰግድ ነበር። ሚስቱ ያን ቀን በበሩ ስታልፍ ተዘርግቶ አየችው። ጸሎቱን እንዳትረብሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች። ቁርሱ ቀዘቀዘ። ተመልሳ መጣች፣ አሁንም እንደተዘረጋ ነው፤ ዛሬስ ጸሎቱ ረዘመ ብላ ተመለሰች። ገብታ የነካችው ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ነው።

ክው ብዬ ቀረሁ። ባለሽንኩርቷ "እህቴ፣ ምን ሆንሽ?" ስትለኝ የመረጥኩትን ሽንኩርት መልሼ አስቀመጥኩ። እኛ ሰበታ ላይ ሲጸልይ አግኝተን ሞተ ብለን በዱላ አስነሳነው፤ የገዛ ቤቱ ሰዎች ሞቶ አግኝተው ይጸልያል ብለው ተዉት። ይኸው ስንት ቀን ሆነኝ፣ ነገሩ ከራሴ አልወጣም።

ቬንካት ትሑት ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ አብረውኝ የሠሩት ሁሉ ይስቁብኛል። ቁመቱ አጭር፣ ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁ ከሆዱ የበለጠ ነበር። ያ ሁሉ ማሽን እየተንጓጓ የሱ ጩኸት ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ሊቆጣ ሲል መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ ያኔ ሁላችንም የምንሸሸግበት እናጣለን። ጨርቁ ተበላሽቶ ሲገኝና ሰው ሰበብ ሲደረድርለት አንድ ክር መዝዞ ከአፍንጫው ፊት ይዘረጋና "ክር አይዋሽም" ይላል። ይህን ብቻ በአማርኛ ነበር የሚለው፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ጥፋቱ የራሱ በሆነበት ቀን ግን ክር አይመዝም። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ የሰማ ሰው አልነበረም።

እንደዚህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ መሬት ላይ ተዘርግቶ የተገኘው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር። አዳዲስ የሽመና ማሽኖች መጥተው በተተከሉ ሰሞን። በነሱ አገር ዓመት ጠብቆ የሥራ መሣሪያ የሚከበርበት ቀን አለ። አናጢው መጋዙን፣ ሹፌሩ መኪናውን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን አጥቦና አበባ አልብሶ ይሰግዳል። ይህን እኛ የት እናውቃለን? ቬንካትም ለማንም ሳይናገር በማለዳ ገብቷል። ከአበባ እርሻ የተረፈ ጽጌረዳ በክር ሰክቶ ከአዲሱ ማሽን አንገት ላይ አጥልቋል። ቀይ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ማሽኑንም የራሱንም ግንባር ቀብቷል፤ ጥቂቱ ወለሉ ላይ ፈሷል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ማሽኑ ዘርግቶ፣ በግንባሩ ተደፍቷል።

መጀመሪያ ያየችው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። "ኮረንቲ! ሰውየውን ኮረንቲ ያዘው!" ብላ ጮኸች። እኔ ከሰርቪስ አውቶቡስ ወርጄ በር ላይ ደርሼ ስለነበር ሮጬ ገባሁ። ያየሁትን አልረሳውም፤ ትልቁ ሰው በሆዱ ተነጥፏል፣ ጣቶቹ የማሽኑን ብረት ሊነኩ ትንሽ ቀርቷቸዋል፣ ከራሱ አጠገብ ቀይ ፈሷል። አንዱ "አትንኩት!" ይላል፣ ሌላው መብራት ለማጥፋት ይሮጣል። እኔ እንደ እንጨት ደርቄ ቆምኩ።

ደፍረው የተጠጉት ኦቦ ዱጋሳ ብቻ ነበሩ። የበሩ ጥበቃ ናቸው፤ የሌሊት ተራቸውን ጨርሰው ሊያስረክቡ ነበር። ቀደም ሲል በሠፈራቸው አንድ ሰው ኮረንቲ ይዞት፣ ወንድሙ በእጁ ሊያላቅቀው ሲል ሁለቱም አብረው ሲሞቱ አይተዋል። ስለዚህ ኮረንቲ የያዘው ሰው በደረቅ እንጨት ተመትቶ እንደሚላቀቅ ያውቃሉ። ዱላቸውን አንስተው የቬንካትን ክንድ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ በኃይል መቱት። ቀጥሎ ዱላውን ከጎኑ ሥር አስገብተው ገለበጡት።

ቬንካት ጮኸ። ሰዎች "ተረፈ! ተረፈ!" አሉ። አንዷ እልል አለች። እሱ ቀይ ግንባሩን ይዞ ቁጭ ብሎ፣ ክንዱን እያሸ፣ ዙሪያውን ያያል። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ነገሩ ገባውና ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። ቬንካት ወለሉን ዳብሶ መነጽሩን አነሳና በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

"ይህን ሰውዬ ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ እንዳላየው። ንገሪው" አለኝ።

"ሊያድኑህ እኮ ነው" አልኩት።

"ንገሪው!"

ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ የተወረወረውን በአማርኛ አንቱ ብዬ፣ "ከእንግዲህ ባይመጡ ይሻላል ይላል" ብዬ አለዘብኩት እንጂ ትርጉሙ ያው መባረር ነው። ኦቦ ዱጋሳ ስለ ሥራው አንድም ቃል አልመለሱም። "ምን ሲያደርግ ነበር?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። "እየሰገደ ነበር መሰለኝ" አልኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ትተውት ወጡ።

በማግስቱ ከድር ክፍል ሻይ ስንጠጣ ቬንካት መጣና አጠገባችን ተቀመጠ። ክንዱ አብጧል። እኔ ተናድጄ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ለብረት በሆድህ የምትተኛ ሰው፣ ሕይወትህን ሊያድን የሮጠን ሽማግሌ ታባርራለህ?"

ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። "ለብረቱ አይደለም" አለ። "በብረቱ በኩል ለሚያበላኝ ነው።"

ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። ስግደቱ በስምንት ነገር ነው፤ በእግር፣ በጉልበት፣ በደረት፣ በእጅ፣ በግንባር፣ በዓይን፣ በቃልና በሐሳብ። አንዱ ከቀረ ሰውየው ተኛ እንጂ አልሰገደም። "ስትንበረከኪ ለመነሳት ተዘጋጅተሽ ነው" አለኝ። "መሬት ላይ ስትዘረጊ ግን መሮጥ አትችይም፣ መማታት አትችይም፣ ከኋላሽ ማን እንደቆመ አታዪም። ሰው አጥብቆ የሚጠብቀው ሆዱን ነው፤ እሱን መሬት ላይ ስታደርጊው 'ከእንግዲህ የምከላከልበት የለኝም፣ እንዳደረግከኝ አድርገኝ' ማለት ነው። ዱላ ከእጅ ሲወድቅ አይተሻል? ዱላ ራሱን ችሎ አይነሳም። የሚያነሳውን ይጠብቃል።"

"ዱላውንማ ቀምሰኸዋል" አለው ከድር።

መነጽሩን ሊያወልቅ ነው ብዬ ፈራሁ። ሳይፈልግ ሳቀ።

ከድር ግን በነገሩ አልተስማማም። "እኛ በሰባት አካል ነው የምንሰግደው፤ ሆድ ግን ከመሬት ይርቃል። የምንሰግደውም ለአላህ ብቻ ነው" አለ። እኔም ለስቅለት ጉልበቴ እስኪከዳኝ የምሰግድ ነኝ፤ ለማሽን አበባ ማጥለቁ አልዋጥልኝ ብሏል። እኔም ልዘርጋ ብልስ ብዬ ቬንካትን ስጠይቀው ደግሞ ብሶ፣ ልጅ የሚሸከም ሆድ መሬት ላይ አይጣልም፣ ለሴት መንበርከክ ይበቃታል ብለው ካህናቶቻቸው ያስተምራሉ አለኝ። ማን ፈቃድ እንደጠየቃቸው እንጃ።

"እሺ፣ ከወደቅክ በኋላ ማን ያነሳሃል?" አልኩት።

"የሰገድኩለት። እኛ ቤት ለአባቴ ስሰግድ፣ አባቴ እጁን ራሴ ላይ ሳያሳርፍ አልነሳም። በራሱ የተነሳ ሰው፣ ቀድሞም አልወደቀም።"

ኦቦ ዱጋሳን ትመልሳለህ ወይ ስለው ግን ሻዩን አስቀምጦ ወጣ። "የተመታሁት እኔ ነኝ" አለ በሩ ላይ ሆኖ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኦቦ ዱጋሳን ልጠይቅ ወጨጫ ተራራ ሥር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ሥራ ማጣቱ ጎድቷቸው ይሆናል ብዬ ነበር። እርሻ አላቸው፤ እሱስ ቀላል ነበር። የጎዳቸው ሌላ ነው። ኦቦ ዱጋሳ በዚያ አገር የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲጣላ ይጠራሉ፣ ሙሽራ ሲወጣ ይመርቃሉ፣ ዝናብ ሲዘገይም ሰው እጃቸው እንዲዘረጋለት ይፈልጋል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በር ድረስ መጥተው ተቀበሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከዚያ ቀን ወዲህ መርቀው አያውቁም። ማዕድ እንኳ አይባርኩም። ሰዎች ለዕርቅ ሲጠሯቸው 'እጄ ንጹሕ አይደለም' ብለው ይመልሳሉ" አሉኝ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። "ኦቦ፣ የመቱት እኮ ሊያድኑት ነው" አልኳቸው።

"እሱስ ልክ ነው፣ ኢንተለ ኮ።"

ልጄ ማለታቸው ነው። ቆይተው ቀጠሉ። "ለማን እንደሚሰግድ እሱ ያውቃል፤ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ግን ግንባሩ መሬት ላይ ነበር። ጠላት እንኳ በስግደት ላይ አይመታም። እኔ መታሁት። አሁን በዚህ እጅ ማንን ልመርቅ?"

"አያውቁም ነበር።"

"አላወቅኩም። እጄ ግን መትቷል።"

 ተመልሼ ለቬንካት እንዳለ ነገርኩት። ሽማግሌው እጃቸው እንደረከሰ ቆጥረው መመረቅ ትተዋል፣ አንድ ቃል ብትልካቸው ይበቃቸዋል አልኩት። "እሱ ይምጣ" አለኝ። ስንት ሰው ለመነው፣ እምቢ አለ።

ኦቦ ዱጋሳ መጡ።

ጠዋት ነው፣ ፈረቃ የሚቀያየርበት ሰዓት። ሲያካፋ አድሮ የፋብሪካው በር ጭቃ ሆኗል። ሁለት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ከፊት ይመጣሉ። ከኋላቸው ኦቦ ዱጋሳ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጫንቃቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው። ያየ ሠራተኛ ሁሉ ቆመ። ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ በአገራችን የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በዚያው ቅጽበት የቬንካት ፒክአፕ ደረሰ። ገና ከመኪናው ሲወርድ አያቸው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለት ዱላና አንድ ድንጋይ ይዘው ቀጥ ብለው ወደሱ ይመጣሉ። ፊቱ አመድ መሰለ። ተመልሶ ዘሎ ገባ፣ በሩን ቆለፈ፣ ጥሩንባውን አንባረቀ። በመስታወቱ ውስጥ "ጥበቃ! ሊወግሩኝ መጡ!" ሲል ይሰማል። ጥበቃዎቹ ሮጠው መጡና ሽማግሌዎቹን ሲያዩ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

ጥሩንባው እየጮኸ ኦቦ ዱጋሳ ከመኪናው ፊት ቆሙ። ድንጋዩ ከብዷቸው እግራቸው ይንቀጠቀጣል።

ሮጬ መስታወቱን መታሁ። "ድንጋዩ ላንተ አይደለም!" አልኩት። "የተሸከሙት በራሳቸው ላይ ነው። በድያለሁ፣ ከፈለግክ በላዬ ጣለው፣ ካልፈለግክ አውርድልኝ ማለት ነው።"

"ምን በድሎ?"

"እየጸለይክ መምታታቸው ነው የከበዳቸው።"

ጥሩንባው ጸጥ አለ። ቬንካት በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደና መነጽሩን አወለቀ። ሁላችንም ጩኸቱን ጠበቅን። አልጠረገውም፤ ለኔ ሰጠኝ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን አወለቀ። በነጭ ሸሚዙ እዚያ ጭቃ ላይ በጉልበቱ ወረደ፣ በደረቱ ወረደ፣ እጆቹን ወደ ኦቦ ዱጋሳ እግር ዘርግቶ በግንባሩ ተደፋ።

 ሦስት መቶ ሰው ያዘዘ፣ ያስለቀሰ፣ ያስደነገጠ ሰውዬ ጭቃ ላይ ተነጥፏል። አንዷ "በስመ ሥላሴ" አለች በሹክሹክታ።  የጠበቅኩት ቢበዛ "ይሁን፣ ይቅር" እንዲላቸው ነበር።

የደነገጡት ግን ኦቦ ዱጋሳ ነበሩ። ከነድንጋያቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "ለኪ! ይሄ አይሆንም። ለሰው አይሰገድም። ካኢ፣ ተነስ!" አሉት።

ተረጎምኩለት። ከጭቃው ሳይነሳ፣ "ካልነኩኝ አልነሳም" አለ።

"ይንኩትና ይነሳ" አልኩ ለሽማግሌዎቹ።

አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። "እጃቸው ድንጋዩን ይዟል። ድንጋዩን ደግሞ የሚያወርደው ተበዳዩ ነው። ራሳቸው ካወረዱት አልታረቁም።"

 አንዱ ካልነኩት አይነሳም፣ ሌላው ካላወረዱለት መንካት አይችሉም። ሁለቱም ልክ ናቸው። የኦቦ ዱጋሳ አንገት ሥሩ ተገታትሯል፣ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። አሁን ቢወድቁ ወይም ድንጋዩን ጥለው ቢመለሱ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰው እንደማይመርቁ አወቅኩ። ከድር ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ ድንጋዩን ሊደግፍላቸው ተጠጋ፤ በዓይናቸው ከለከሉት።

"ጠይቂልኝ" አሉኝ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "የሚሰግደው ለማን ነው? ለኔ ከሆነ ኃጢአቱን አልሸከምም። ይሄ ድንጋይ ይበቃኛል።"

ጠየቅኩት። ቬንካት ግንባሩን ሳያነሳ መለሰ። ድምፁ ያ ድምፅ አልነበረም፤ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማሁት።

"ለእርስዎ አይደለም ይላል" አልኳቸው። "በውስጥዎ ላለው ነው ይላል። ያን ቀን እሱን ሊያድን በእርስዎ እጅ መጥቶ ነበር፣ አላወቅኩትም ይላል።"

ኦቦ ዱጋሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ የሰማሁት ግን የለም። ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረጉ። አንድ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ ቆዩ፣ ሁለተኛውን አጠፉ። ሽማግሌዎቹ ብብታቸውን ሊይዙ ሲሉ "ዲሲ፣ ተዉኝ" አሉ። በጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ከነድንጋያቸው ወደ ፊት ዝቅ፣ ዝቅ አሉ፤ ድንጋዩ የተኛው ሰው እጅ እስኪደርስበት ድረስ።

ቬንካት መነጽር የለውም፣ ፊቱም መሬት ላይ ነው። እጁ በዳበሳ ተነሳ። መጀመሪያ የሽማግሌውን ትከሻ አገኘ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው፤ ድንጋዩ ከጫንቃቸው ተንሸራቶ በመሀላቸው ጭቃው ውስጥ ገባ። ኦቦ ዱጋሳ እጃቸው ባዶ ሆነ። ያን እጅ ትንሽ አዩት። ከዚያ ጭቃ በነካው የቬንካት ራስ ላይ አሳረፉት።

"ካኢ፣ ኢልመ ኮ" አሉት። ተነስ ልጄ።

ቬንካት በጉልበቱ ቀና አለ። ሊያስነሱት መስሎኝ ነበር፤ እጃቸውን ግን ከራሱ አላነሱም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዋቀዮ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ" አሉ። ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ደቀቅ ያለ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ያልተነገረበት አፍ። ሕዝቡ ሁሉ፣ ከድርም፣ ያቺ በስመ ሥላሴ ያለችውም፣ መዳፋችንን ዘርግተን "አሜን" አልን። "እጅህ የነካው ይባረክ።" "አሜን።" "የናፈቅከውን ቤትህን በሰላም አግኝ። ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ።" "አሜን።"

ቬንካት አንዱም ቃል አልገባውም። ፊቱ ጭቃ፣ ዓይኑ የተጨፈነ፣ መዳፉን ልክ እንደኛ ዘርግቶ፣ ሁላችንም ከጨረስን በኋላ ዘግየት ብሎ ለብቻው "አሜን" ይላል። ልተረጉምለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ኦቦ ዱጋሳ መርቀው አልጠግብ ብለው ነበር፤ ፈረቃው በዚያ ቀን ዘግይቶ ገባ።